የቀረ ሰው ይጠየቃል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዮጋ አላስተማርኩም። ምንጣፍ በሆምጣጤ ውሃ ስወለውል ዋልኩ። ሰዎቹ መግባት ሲጀምሩ አሠሪዬ ወይዘሮ ሂሩት ከኋላ ግድግዳው ጋ አቆሙኝና፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው ካየሁ እንድነግራቸው፣ ሌላውን ሁሉ እንድተወው አዘዙኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው እንዴ የቀጠሩኝ ብዬ አኮረፍኩ።

አዳራሹ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ከሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። እዚያ ግድግዳ ሥር ለወራት ቆምኩ። ትንፋሹን የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያሳብቅበት መንጋጋው ነው። ቀጥሎ የእግሩ ጣቶች ይጨማደዳሉ። ሆዱን የሚያይ ጀማሪ አሠልጣኝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ኩርፊያዬ ሲወጣልኝ ገባኝ፤ ለዚህ ሙያ ከዚያ ግድግዳ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ወይዘሮ ሂሩት ሙያቸውን ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ አልሆነላቸውም፤ ሰው አይጸናላቸውም። በመስከረም አዳራሹ ይሞላል፣ ኅዳር ላይ እኔና እሳቸው እንተያያለን። ምክር ሞከሩ፣ ግድግዳው ላይ ጥቅስ ለጠፉ፣ የቀረውን ሰው ስልክ ደውለው ተቆጡ። የተቆጡት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። በኋላ ጤናቸው ታወከና አዳራሹን ዘጉ፤ ምንጣፎቹን ለእኔ ሰጡኝ።

እኔ ያኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር ነበር። ግቢያችን ውስጥ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለ። ልብስ ይታጠብበታል፣ በበዓል ይታረድበታል፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጡበታል። ጠዋት ጠዋት እንድሠራበት ለመጠየቅ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ጥላሁን ዘንድ ሄድኩ። ለቅሶ ሲኖር እንደምንለቅ፣ በግ ከታረደ ሊሾውን ራሳችን አጥበን እንደምንገባ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «የቀረ ሰውስ?» አሉኝ።

አልገባኝም። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ለቀብር ውጣ ሲባል ዛሬ ደስ ብሎሃል ወይ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ይወጣል፣ ከቀረ ደግሞ ቤቱ ድረስ ይኬዳል አሉ። ያንቺም ሰዎች እንዲሰነብቱ ከፈለግሽ ሕግ አውጪላቸው አሉኝ። እኔም እየሳቅሁ ሕጋቸውን ወሰድኩ። የቀረ ሰው በሩ ይንኳኳል። ለምን ቀረህ አይባልም፤ ደህና ነህ ወይ ነው የሚባለው። ተራ ገብተን አንኳኪ መደብን።

ወይ ጉድ፣ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። አንዷ ጎረቤቴ እንቅልፌን የሚቀማኝ ዮጋ ይቅርብኝ ብላ በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው። በማግስቱ ምንጣፏን ይዛ ከሁሉ ቀድማ ቆማ አገኘኋት። ኅዳር ገባ፣ ታኅሣሥ ገባ፣ ኮሚናሉ አልጎደለም።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከወሎ ናቸው። ከእኔ ጋር የሚሠሩት አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ፣ ጥቂቶቹ ጴንጤዎች ናቸው። ስለዚህ ከዮጋው ጋር ከውጭ የመጣውን ሰላምታና ዜማ ተውኩት። ተቀምጠን ዝም ብለን እንጀምራለን፣ ተኝተን ዝም ብለን እንጨርሳለን። በዝምታው ውስጥ ማን ማንን እንደሚጠራ የእያንዳንዱ ጉዳይ ነው። የራሴን ብናገር ግን፣ ዱሮ ሶላት ላይ ቆሜ ሐሳቤ መርካቶ ነበር የሚውለው። ትንፋሼን መከተል ከለመድኩ በኋላ ሐሳቤም አብሮኝ መስገድ ጀመረ። ይሄ ነገር ከሃይማኖትሽ ያወጣሻል ብላ የፈራች እናቴ፣ ይህንን ስላየች ነው ኋላ ኋላ ወንበሯን አስይዛኝ እየመጣች፣ ጥግ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቀመጥ የነበረው።

እትዬ ስንዱ የመጡት ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸው ያስቸገራቸው ሴት ናቸው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም።

«ልጄ፣ ቁመና አምሮኝ አይደለም። ስቅለት ላይ መስገድ አቃተኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ሲሰግድ አያለሁ። ጉልበቴን አስተካክይልኝ።»

ሐኪም እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። ሐኪማቸው ከፈቀደላቸው በኋላ በወንበር ጀመርን። ወንበር ይዞ መቀመጥ፣ ወንበር ይዞ መነሳት። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ። ከዚያ ታጥፎ የተደራረበ ጋቢ ጉልበታቸው ሥር አድርገን፣ ወደ መሬት። እንደ ብዙዎቹ አልቸኮሉም። አንድ ጠዋት እጃቸውን ሳያስደግፉ ከመሬት ሲነሱ ኮሚናሉ በእልልታ ተናጋ።

ግን መጨረሻ ላይ ዓይን ጨፍነን በጀርባችን የምናርፍባትን ሰዓት አይቆዩም። ሁልጊዜ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት ይላሉ። የተጣደ ወጥ እንደሌለ አውቃለሁ። አንድ ቀን ራሳቸው ወደው ቆዩና ተኙ። እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። መንጋጋቸው ተቆለፈ፣ ጣቶቻቸው ተጨማደዱ። ተነስተው ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፤ ማንንም ሳያዩ ወጡ። በሚቀጥለው ቀን ቀሩ።

ሴቶቹ ሰምተው ኖሯል። ዮጋው የባዕድ አምልኮ ነው ብሎ እትዬ ስንዱን ያስፈራራቸው ሰው አለ አሉ። የማንኳኳቱ ተራ የእኔ ነበር። ላስረዳቸው አልሄድኩም፤ ሕጉ ስለሆነ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ፣ ደህና ነዎት ወይ አልኩ።

አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶ ተሰቅሏል። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ በሕመም ሞተ። ሆድ ይፍጀው ብለው አንድ እንባ ሳይጥሉ ነው የቀበሩት ይባላል። ፎቶውን ስመለከት አዩኝና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት።

«ዘይነብ፣ እዚያ ለማን ነው የምንሰግደው?»

«እኔ እዚያ ለማንም አልሰግድም። የምሰግደው ቤቴ፣ መስገጃዬ ላይ፣ ለአላህ ነው። እርስዎም የእርስዎን ያውቃሉ። እዚያ ዝም ማለትን ነው የምንለማመደው።»

ዓይናቸውን ወደ ፎቶው መለሱ።

«ዝምታው ነው ያቃተኝ» አሉ። «ዓይኔን ስጨፍን ልጄ ይመጣል።»

ለዚህ የሚሆን ወይዘሮ ሂሩት ያስተማሩኝ ነገር አልነበረም። ዓይንዎን አይጨፍኑ፣ አይተኙ፣ እዚሁ ወለሉ ላይ አብረን እንቀመጥ አልኳቸው። መንጋጋቸውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ትንፋሻቸውን ሲይዙ እኔ እስኪሰማ ድረስ ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ቆይተው ይከተሉኛል። ሌሎቹን ካሰናበትኩ በኋላ በየጊዜው እየወጣሁ እንዲህ አደረግን። ከዚያ አንድ ጠዋት በራሳቸው ጊዜ ወርደው መጡ። ሌሎቹ ሲተኙ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ከእናቴ ወንበር አጠገብ ይቀመጣሉ። ሁለቱ ብዙም አይነጋገሩም ነበር፤ ግን እናቴ አንድ ቀን ከቀረች እሳቸው ናቸው መጀመሪያ የሚጠይቋት።

ስቅለት ደረሰ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እኔ ጋቢያቸውን ይዤ፣ ልደታ ማርያም በር ድረስ ሸኘኋቸው። አመሻሽ ላይ ሰው ሲወጣ እንዳይጋፋቸው ልቀበላቸው ተመለስኩ። ግንባራቸው ላይ አፈር አለ፣ እጃቸው የወይራ ቅጠል ይዟል፣ ዓይናቸው አብጧል። ጉልበታቸውን ጠየቅኋቸው።

«ጉልበቴስ ደህና ነው። ጠዋት አንዴ ወረድኩና እዚያው ቀረሁ። ሰው ሲነሳ ሲወድቅ እኔ ግንባሬን መሬት አድርጌ ልጄን አለቀስኩት። ከዚያ ተነሳሁና ከሰው እኩል ሰገድኩ።»

ጋቢያቸውን ይዤ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። እኔም እያለቀስኩ ነበር።

በዓመቱ እናቴ ሞተች። ለቅሶው እዚያው ኮሚናሉ ውስጥ ሆነ፤ ለቀስተኛው የተቀመጠው በእኔው የዮጋ ምንጣፎች ላይ ነው። ሰው ከተበተነ በኋላ የኮሚናሉን ቁልፍ ለጋሽ ጥላሁን መልሼ ልኬ፣ ከእንግዲህ ዮጋ የለም አልኩ። ስንቱን ሰው ከአልጋው ያስነሳሁ ሴትዮ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ሶላቴን አልተውኩም፤ ግን የሚሰግደው ገላዬ ብቻ ነበር። ወንበሯን አያለሁ፣ ሌላ የምሠራው የለም።

አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አልከፈትኩም። እንደገና ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ስንዱ ናቸው። የእኔ ቤት ከእሳቸው ብሎክ ማዶ፣ የመጨረሻው ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ወጥተው የደረጃውን ብረት ይዘው ያለከልካሉ።

«ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኩ።

«እሺ» አሉ። እግዜር ያጽናሽ አላሉም፣ የሰው ወግ ነው ብለው አልመከሩም። ገብተው ከእናቴ ወንበር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ዓይንሽን አትጨፍኚ» አሉኝ።

ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት እሳቸው የራሳቸውን እስኪሰማ ድረስ ረዘም አድርገው ሲያወጡ ነው። ተከተልኳቸው። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሊያባብሉኝ አልሞከሩም፤ ትንፋሻቸውን ግን አላቋረጡም።

በማግስቱ ኮሚናሉ ስገባ ሁሉም ተቀምጠው ነበር። ለካ ቁልፉን ከጋሽ ጥላሁን የወሰዱት እትዬ ስንዱ ኖረዋል። እኔ ተኝቼ በሰነበትኩበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ከፍተው፣ አሠልጣኝ ሳይኖራቸው፣ ሁሉም አብረው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር።

ሙያውን ለጀመራችሁ ልጆች የምለው ይህንን ነው። ፍላጎት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በእሱ ላይ ሥራ አትመሥርቱ። ሰው ሲቀር ሂዱና አንኳኩ። እናንተ የቀራችሁ ቀን ደግሞ ክፈቱ።