ውኃ የተረጨበት በቆሎ

ዘይነባ ገና ያልተፈታውን የበቆሎ ቅጠል በሁለት አውራ ጣቷ ፈልቅቃ ብታይ፣ ተምቹ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አልሞተም። እንዲያውም ወፍሯል። ኩሱን እንደ ረጠበ ሰጋቱራ ዙሪያውን ከምሮ ቅጠሉን ወንፊት አስመስሎታል። መድኃኒቱን የረጨችው ራሷ ነበረች፤ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ አንድም አገዳ ሳትዘል። ትሉን አውጥታ በድንጋይ ጨፈለቀችው። ቀጥሎ ያለውን አገዳ ከፈተች፤ እዚያም አለ። ከዚያ ወዲያ ባለውም አለ። እንደ ጎነበሰች፣ ማንን እንደምትሳደብ ሳታውቅ መሳደብ ጀመረች።

ግራና አካባቢ ዘይነባን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቋትም በንዴቷ ነው። ትውልዷ ውርጌሳ ነው። ወደ ግራና የመጣችው በትዳር ሲሆን፣ ባሏ በወባ ሲሞትባት ልጇ ኢብቲሳም ገና ጡት አልጣለችም ነበር። የባሏ ወንድሞች ሴት በሬ ጠምዳ አታርስምና መሬቱን ልቀቂልን ብለው መጡ። በማግስቱ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክማ ወጣች። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ በሬዎቹ እምቢ ሲሏት፣ ትልሙ ሲጣመምባት፣ እያለቀሰችና እየተሳደበች እስከ ቀትር አረሰች። ከዚያ ወዲህ መሬቷን ልቀቂ ያላት የለም። ልጇንም በዚያው መሬት አሳደገች።

ኢብቲሳም ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ መርሳ ላይ ለሂሻም ተዳረች። ሂሻም ምርጥ ዘር፣ የአረምና የተባይ መድኃኒት፣ የጀርባ መርጫ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ ለዒድ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። ዘይነባ በሰው ፊት ባታመሰግነውም በልቧ ትኮራበት ነበር።

መጤው ተምች ዘንድሮ በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ገባ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ትዕግስት ከማሳ ማሳ እየዞረች፣ ጧት ጧት ቅጠሉን እየገለጣችሁ እዩ፣ እንቁላሉንና ትሉን ገና በትንሽነቱ በእጅ ልቀሙ፣ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ሳያድግ ቶሎ እርጩ አለች። ዘይነባ ለመልቀም ትዕግሥት አልነበራትም። መርሳ ሄዳ ከአማቿ መድኃኒት ገዛች። ለጎረቤቱም ሁሉ፣ ሌላ ሱቅ አትሂዱ፣ የኔ ልጅ ባል አያታልላችሁም እያለች ተናገረች። ማሳው ከማሳዋ የሚዋሰነው አስፋውም የሄደው በእሷ ቃል ነው። የመንደሩ አብዛኛው ሰው እንዲሁ።

አሁን የማንም ተምች አልሞተም። አስፋው ድንበሩ ላይ መጥቶ፣ መድኃኒቱ ምንም እንዳልሠራ ቀስ ብሎ ነገራት። እሷም፣ በጠራራ ፀሐይ ብትረጭ እንዴት ይሥራ ብላ አንባረቀችበት።

«ጎን ለጎን እኮ ነው የረጨነው፣ ዘይነባ» አላት አስፋው። ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

እውነቱን ነበር። ቢጮህባት ትመልስለት ነበር፤ ዝም ብሎ መሄዱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ።

በዚያው ሳምንት ኢብቲሳም ከመርሳ በባጃጅ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። ዘይነባ የእጅ ውኃ ስታፈስላት የልጇን ጣቶች አየች። ቆዳው ተልጧል፤ ጫፍ ጫፉ ቀልቷል። ምንድን ነው ብትላት፣ የልብስ ሳሙና ነው አለች። ዘይነባ እጇን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የተምች መድኃኒቱን ሽታ አወቀችው። ደግማ ጠየቀቻት፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም፤ ኢብቲሳምን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ልጅቱ እያለቀሰች ተናገረች። ሂሻም ባዶ ጠርሙሶችን ከየገበሬው ይሰበስባል። አንዱን ሙሉ ጠርሙስ ለብዙ ባዶ ጠርሙስ እያካፈለ ውኃ ይሞላበታል፤ እንዳይቀጥን ነጭ ዱቄት ያክልበታል። በማንቆርቆሪያ የምትሞላው እሷ ናት፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም እያለ። ክዳኑን እሱ በእሳት እያሞቀ ያሽገዋል።

«ለአንቺ ደህናውን እለያለሁ ብሎኝ ነበር፣ እማ» አለች።

«ለሰውስ?»

ኢብቲሳም የተላጡ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ዘይነባ ሻሿን ደግማ አስራ ልጇን እዚያው ትታ ወጣች። ባዶውን ጠርሙስ በፌስታል ይዛ መርሳ ገባች። ሱቁ ውስጥ ገዢዎች ነበሩ። ሂሻም ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ሰዎቹን ቆይታችሁ ተመለሱ ብሎ ሸኘና ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አቆመችው።

«ለእርስዎ የለየሁት ሌላ ነበር» አለ ሂሻም። «ተሳስቼ ነው የሰጠሁዎት። ዛሬውኑ እተካልዎታለሁ።»

«ለአስፋው የሰጠኸውስ? እሱም በስህተት ነው?»

ሂሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስረዳት ጀመረ። መድኃኒቱ እንደ ልብ አይመጣም፤ ሁሉን ንጹሕ ልሽጥ ቢል ጥቂት ሰው ብቻ ይደርሰዋል፤ ሌላው ባዶ እጁን ከሚመለስ ትንሽም ቢሆን ማግኘቱ ይሻለዋል አላት። ይህን ሲናገር አላፈረም፤ በጎ ሥራ የሠራ ይመስል ነበር። ዘይነባን ያቃጠላት ከስርቆቱ ይልቅ ይህ አነጋገሩ ነው።

«ውኃማ ግራና ወንዝ አለን» አለችው። «ካንተ የምንገዛው ለምንድን ነው?»

እጇ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አንድ ጊዜ ብትጠርገው ጠርሙሱ ሁሉ ወለል ላይ ይፈስ ነበር። ግን የፈሰሰውን ጥረጊ የምትባለው ኢብቲሳም መሆኗ ታሰባትና እጇን መለሰች። ወጥታ ሄደች።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ታላቅ ወንድሟ አብዱልሐሊም ዘንድ ደረሰ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ፣ ነገሩ በቤት ይለቅ፣ ሂሻም አውፍ በይኝ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅሽ፣ የልጅሽን ትዳር በአደባባይ አታፍርሺ አላት። ዘይነባ እምቢ አለች። የተበላው የእኔ ማሳ ብቻ አይደለም አለች። አብዱልሐሊም ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ጠበቀና ብቻዋን አናገራት።

«የሞላችው ያንቺ ልጅ ናት። እሱ ሲጠየቅ እሷም ትጠየቃለች። አስበሽዋል?»

አላሰበችውም ነበር። ከዚያም በኋላ ንዴቷ አልበረደም፤ የሚሄድበት አጥቶ እሷኑ ይበላት ጀመር። በአደባባይ ልናገር ወይ ብላ ልጇን ልትጠይቃት ፈለገች፣ ግን ዛሬ ነገ እያለች አሳደረችው። ኢብቲሳምም ወደ መርሳ አልተመለሰችም፤ ጧት ጧት እየተነሳች ከእናቷ በቆሎ ላይ ትሉን ብቻዋን ትለቅም ነበር።

ቀበሌው ስለ ተምቹ ስብሰባ ጠራ። ከላይ የመጣ አንድ ኃላፊ ዋርካው ሥር ቆሞ፣ መድኃኒት እያለ ሰብሉ የተበላው ገበሬው አረጫጨት ስለማይችል ነው እያለ ይገሥጻቸው ጀመር። ትዕግስት እጇን አውጥታ፣ ማሳዎቹን እንዳየችና ሰዉ በአግባቡ እንደረጨ ልታስረዳ ብትሞክር፣ ቆይ ብሎ አስቀመጣት። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አስፋው መሬቱን በእንጨት ይጭራል። ዘይነባ ተነሳች።

«ሰዉ በትክክል ረጭቷል» አለች። «የረጨው ግን ውኃ ነው። የሸጠው የልጄ ባል ሂሻም ነው። ከእሱ ግዙ ያልኳችሁ ደግሞ እኔ ነኝ።»

አብዱልሐሊም ተነስቶ ሊወጣ ሲል፣ ከሴቶቹ መካከል ኢብቲሳም ቆመች። ጣቶቿን ከነጠላዋ አውጥታ ወደ ሰዉ ዘረጋቻቸው።

«የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች።

ዘይነባ ይህን አልጠበቀችም። ዝም በይ ልትላት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሱቁ ታሸገ። ሂሻም ተይዞ ለጥቂት ጊዜ ታሰረና በዋስ ወጣ፤ ጉዳዩ ዛሬም በቀጠሮ ላይ ነው። ኢብቲሳምም መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፤ ስትፈለግ እንድትቀርብ ተነግሯት ተመለሰች። አብዱልሐሊም የእህቱን ደጅ መርገጥ ተወ። መንገድ ላይ ዘይነባን ያመሰገናት አለ፤ ቤተ ዘመዷን ያዋረደች ብሎ ምራቁን የተፋም አለ።

ተምቹ ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። ትዕግስት አሁን ትሉ ስላደገና የበቆሎው ልብ ውስጥ ስለተደበቀ ቢረጭም እንደማይሞት ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የቀረው እየለቀሙ መግደል፣ ልቡ ውስጥም አመድና ደቃቅ አፈር መነስነስ ነው። መንደሩ ተሰባስቦ ጧት ጧት በየተራ ከማሳ ማሳ መልቀም ያዘ። የዘይነባን ማሳ ሆን ብለው መጨረሻ ላይ አደረጉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጮህ ነበር፤ አሁን ግን የሰዉ ማሳ ውስጥ ከሁሉ ቀድማ ገብታ ከሁሉ በኋላ ትወጣለች። ጥፍሯ ሥር የትሉ አረንጓዴ ጭማቂ ደርቆ አልለቅ አለ።

የአስፋው ማሳ ሊተርፍ አልቻለም። በቆሎው ልቡ ተበልቶ ስለቆመ እያጨደ ለከብት ሰጠው። ዘይነባ ሲያጭድ ሄዳ ማጭዷን አውጥታ ከጎኑ ገባች። ብዙ ካጨዱ በኋላ፣

«አስፋው፣ አውፍ በለኝ» አለችው።

አስፋው ነዶውን አስሮ ቀና አለ። «አንቺን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ግን ልጆቼ ዘንድሮ የሚበሉትን አላውቅም። አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ እዋሻለሁ።»

እሺ አለችው። እስኪጨርሱ አብረው አጨዱ።

ከዘይነባ ማሳ የተገኘው በቆሎ ጥርሱ የተዛባ፣ ቆረቆንዳው ግማሽ ባዶ ነበር። የደረሰው ሲሰበሰብ ሂሻም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን እንዳመነ፣ ሱቁን እንደተወ፣ ሚስቱን እንደሚፈልግ ተናገሩ። ዘይነባ ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትመልስ ስትል ኢብቲሳም ቀደመቻት።

«ጥፋቱን ለእናንተ ማመኑ ለእኔ አይጠቅመኝም» አለች ለሽማግሌዎቹ። «እዚህ ይምጣና ማሳቸው ለተበላባቸው ሰዎች በየቤታቸው እየገባ ይንገራቸው። ከዚያ በኋላ የምለውን እላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እናቲቱን አዩ። ዘይነባ ሂሻምን ዳግም በደጇ ማየት አትፈልግም፤ ቢመጣ ምን እንደምትለውም አታውቅም። ግን ቃሉ የልጇ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹን እስከ መንገዱ ሸኝታ ተመለሰች።

ሂሻም እስካሁን አልመጣም።