ቁጥር አርባ አንድ

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በሰም የተደፈነ የካንሰር ናሙና መቁረጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፋት። ስሱን ቁራጭ ቀለም ውስጥ ስትነክረው፣ ሴሉን «ፕሮቲን መሥራት ጀምር» የሚለው ፕሮቲን ከበዛበት ቡናማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሴል ማቆም የሚባል ነገር አያውቅም። ቀለሙ መሥራቱ እንዲታወቅ፣ ቡናማ እንደሚሆን አስቀድሞ ከታወቀ አንድ ናሙናም በየቀኑ ትንሽ ተቆርጦ አብሮ ይነከራል። እሱ ቁጥር አርባ አንድ ነው፤ የሟች ታላቅ እህቷ ዕጢ።

እህቷ ዕጢዋ ለላቦራቶሪው እንዲውል የፈቃዱን ወረቀት ስትፈርም «ሞቼም ሥራ አልፈታም ማለት ነው» ብላ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ባለሙያዋ አርባ አንድን ሳትቆርጥ እስከ መጨረሻ ታቆየው ነበር፤ አሁን ዳቦ እንደመቁረጥ ነው።

ዛሬ አለቃዋ «አርባ አንድ ሊያልቅ ነው፤ ሌላ ፈልጊ» አላት።

«እሺ» አለችው።

ከዚያ ማሽኑ አርባ አንድን የሚቆርጥበትን ውፍረት ከአራት ማይክሮን ወደ ሦስት አወረደችው።