እናቴና የአባቴ መጋዝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ዛሬ አንድ ልብስ ሰፊ የተከራየው የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት አለ። በልጅነቴ ያ ቤት የአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። አሁንም በዚያ ሳልፍ የሚሸተኝ ጨርቅ ሳይሆን አዲስ የተሰነጠቀ የዋንዛ ጣውላ ነው። ልብስ ሰፊው «ፍቅርአዲስ፣ ደህና ዋልሽ?» ሲለኝ እንኳ ዓይኔ እሱን አልፎ የአባቴ የመጋዝ ማሽን ቆሞበት ወደነበረው ጥግ ይሄዳል።

አባቴ ሙላት ይባል ነበር፤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው። አናጢነትን ከአባቱ የተማረው በእጅ መጋዝ፣ በመሮና በመላጊያ ነው። እናቴ ጥላነሽም የዚያው አገር ልጅ ናት። ተጋብተው ማርቆስ ከገቡ በኋላ ሥራቸው ቀስ በቀስ ሰፋና፣ አባቴ አንድ ቀን ክብ መጋዝ የተገጠመለት ትልቅ የብረት ማሽን በፈረስ ጋሪ አስጭኖ መጣ። ሌላ ሰው ሲሠራበት የኖረ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ማሽን ነበር። አባቴ ግን እንደ ሙሽራ ነው ያየው። በእጅ መጋዝ ወገብ የሚያጎብጠውን ጣውላ ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ ሲሰነጥቀው ወደ እናቴ ዞሮ «አየሽ ጥላዬ? ክንዴ ሊያርፍ ነው» አላት።

እናቴ በዚያን ጊዜ ማሽኑን አትነካም። የእሷ ሥራ ያለቀውን ዕቃ በሻካራ ወረቀት ማለስለስ፣ ቫርኒሽ መቀባትና ደንበኛ ማነጋገር ነበር። የቅኔ አገር ልጅ ስለሆነች ንግግሯ ሁለት ፊት አለው። ደንበኛው ሰሙን ይዞ ይሄዳል፤ ወርቁን የሚሰማው አባቴ ብቻ ነበር። አንድ የሚነዘንዝ ሙሽራ «አልጋው እርግጥ ይጸናል?» እያለ ደጋግሞ ቢጠይቃት፣ «አልጋውስ ይጸናል ወንድሜ፤ የሚተኛበትን ያጽናልህ» አለችው። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጣውላው ክምር ሄደ።

ያ ሳቅ አንድ ነሐሴ ላይ ተቋረጠ።

በክረምት የእኛ ሰፈር መብራት እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ የሚሄድ ነው። አባቴ የመስኮት እንጨት እየሰነጠቀ ሳለ መብራት ጠፋ። መጋዙ እንጨቱን ነክሶ መሀል ላይ ቆመ። አባቴም ማሽኑን ሳያጠፋ እጁን ጠራረገና ወደ በር ወጥቶ ከአንድ ደንበኛ ጋር ወሬ ያዘ። ዝናቡ እስኪያባራ አወሩ። ሰውዬው ሲሄድ ተመለሰና፣ መብራት እስኪመጣ የተነከሰውን እንጨት ላላቅቅ ብሎ ግራ እጁን ወደ መጋዙ ሰደደ። መብራቱ የመጣው በዚያች ቅጽበት ነው።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራ ቤቱ ተዘግቶ፣ ጎረቤት ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። እናቴ እጁን በነጠላዋ ጠቅልላ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ወስዳዋለች። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉለት፤ ሌባ ጣቱና መሀል ጣቱ ግን ተቆርጠው ቀሩ።

ቁስሉ በጊዜው ዳነ። አባቴ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ማሽኑን በሸራ ሸፈነውና ላዩ ላይ አሮጌ ጣውላ ደረደረበት። ከመንገዱ ማዶ የእህል ወፍጮው ሞተር በተነሳ ቁጥር ይደነግጣል። ወደ ልጅነቱ መሣሪያዎች ተመልሶ በርጩማ መሥራት ጀመረ፤ ነገር ግን መሮውን የሚይዘው ያ የተጎዳው እጁ ስለሆነ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው። በርና መስኮት የሚያሠሩ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። «ማሽኑን ሽጠውና ተገላገል» የሚለው መካሪም በዛ። አባቴ አይሸጠውም፤ አይነካውምም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ጸጉሯን በሻሽ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ የአባቴን ሰማያዊ ቱታ ለበሰችና ሸራውን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ አባቴ ከበርጩማው ብድግ ብሎ።

«ጣውላ ልሰነጥቅ።»

«ጥላነሽ፣ በእመብርሃን! አትንኪው!»

«እንግዲያው ና አሳየኝ። ባታሳየኝም እነካዋለሁ። ሳላውቅ ብነካው ይሻልሃል?»

አባቴ በቀኝ እጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀለ። ትምህርቷ የተጀመረው በዚህ ነው፤ መብራት በሌለው ማሽን።

ብዙ ቀን ጣውላ በቆመ መጋዝ አጠገብ ስትገፋ ከረመች። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያያል። ሁልጊዜ ከመጋዙ ፊት ለፊት ስትቆም «ወደ ጎን! ወደ ጎን በይ!» ይላታል። «እንጨት ሲከፋው ወደ ኋላ ይተኩሳል። በቆምሽበት መስመር ነው የሚመጣው።» ጣውላው ሲያልቅ እጇ ወደ መጋዙ እንዳይጠጋ ከዋንዛ መግፊያ ጠረበላት፤ ጫፉ ላይ እንጨት የሚይዝ ጥርስ ያለው፣ መያዣው ለእጇ የተለካ። ከአደጋው በኋላ በደስታ ሲሠራ ያየሁት የመጀመሪያ ዕቃ እሱ ነው።

ማሽኑን ሊያበራላት በተስማማበት ቀን ከእግር እስከ ራሷ መረመራት። የቱታዋን እጅጌ አስቆለፋት። ማተቧን ወደ ውስጥ አስከተታት። መነጽር ሰጣት። እሷ ደግሞ አንድ ዘመድ ያመጣላትን የቆዳ ጓንት ልታጠልቅ ስትል ነጠቃት።

«ለእጄ እኮ ነው!» አለች።

«ለእጅሽ ነው የከለከልኩሽ። መጋዝ ጓንት ከያዘ እጅሽን ይዞ ይገባል። ባዶ እጅ ነው የሚያመልጠው።» ጣቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀለበትሽንም አውጪው።»

የጋብቻ ቀለበቷ ነው። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አውልቃው አታውቅም፤ ጣቷም ስለወፈረ እንቢ አለ። አባቴ በሳሙናና በውሃ፣ በቀሩት ጣቶቹ ቀስ አድርጎ አወጣው። እናቴ ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው ጥላዬ? ቀለበት ወጥቶ ይመለሳል» አላት። ሌላውን አልጨረሰውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ቤታችን ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር እናቴ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ታጠፋለች፣ ስፒናውን ትነቅላለች፣ ከዚያ የስፒናውን ጫፍ አምጥታ ማሽኑ ላይ፣ ዓይኗ ፊት ታስቀምጠዋለች። እያየችው ካልሆነ በቀር መጋዙን በጣቷ አትነካም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

አባቴ ግን ማሽኑ ሲሠራ ከበርጩማው አይነሳም ነበር። እንጨት ይመርጣል፣ ይለካል፣ በእርሳስ ያሰምራል፤ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ግን ከግድግዳው አይላቀቅም። እናቴም ና አትለውም።

አንድ ቀን የባህር ዛፍ ጣውላ ስትሰነጥቅ ድምፁ ተለወጠ። እኔ ደጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ነበር። ባህር ዛፍ ውስጡ ጭንቅ ያለበት እንጨት ነው፤ ሲሰነጠቅ ተጣምሞ መጋዙን መሀል ላይ ጨመቀው። ጣውላው ከእጇ ተመንጭቆ ወደ ኋላ ተተኮሰና የጭቃውን ግድግዳ ቦርቡሮ ወደቀ። እናቴ ወደ ጎን ቆማ ስለነበር አልነካትም። መጋዙ ግን መዞሩን አላቆመም፤ እሷም መግፊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። ሮጦ አልነበረም፤ እየተራመደ ሄደና በግራ እጁ፣ በዚያው በተጎዳው፣ ማሽኑን አጠፋው። ስፒናውንም ነቀለ። መጋዙ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ሁለቱም አጠገቡ ቆሙ።

«ተመታሽ?»

«አልተመታሁም። የት እንደምቆም ያሳየኸኝ አንተ አይደለህ?»

«ጣውላውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «ጠማማነቱን ማየት ነበረብኝ።»

«አሁን አየኸው» አለች እናቴ፣ ከዚያ የሰጋቱራው ክምር ላይ ተቀመጠች። አባቴም አጠገቧ ተቀመጠ። ስገባ ተያይዘው ይስቁ ነበር፤ ማልቀሳቸውም እንደሆነ የገባኝ ኋላ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አልዋለም። እናቴ ከፊት ስትገፋ እሱ ከማዶ ሆኖ የተሰነጠቀውን ይቀበላል። ያለ ንግግር ነበር የሚሠሩት፤ በማሽን ጩኸት ውስጥ ወሬ የለምና። እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ይቀበላል፣ እሱ መዳፉን ሲያነሳ ታቆማለች። ደንበኛውም ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲው ሰፈር ቤት የሚሠሩ ሰዎች በርና መስኮት፣ የገጠር ሰዎች ደግሞ የሙሽራ አልጋና ሣጥን ያዝዙን ነበር። አንዳንዱ «ሴት ናት የምትሰነጥቀው?» ብሎ ሊያይ ብቻ ይመጣል፤ እናቴም በማተኮሯ ቀና ብላ አታየውም።

እኔ ከሁሉ የማስታውሰው የምሳ ሰዓቱን ነው። ማሽኑ ሲጠፋ የሚመጣውን ጸጥታ ሌላ ቦታ አግኝቼው አላውቅም። ጆሮ ለጥቂት ጊዜ ይጮሃል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ የመንገዱ ድምፅ ይመለሳል፦ የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ የባጃጅ ጥሩንባ፣ ከሩቅ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደወል። አባቴ ጠረጴዛውን በክንዱ ይጠርግና ምሳውን እንከባለን። ሥራው ጣቷን አቅጥኖት ስለነበር እናቴ ቀለበቷን ከቱታዋ ኪስ አውጥታ በቀላሉ ታጠልቃለች፤ ሥራ ሲጀመር መልሳ ታወልቃለች። አባቴ አንዳንድ ቀን ራሱ ያጠልቅላት ነበር፤ እኔ እንዳላየሁ ወደ ሳህኔ አቀረቅራለሁ።

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሞ ዐረፈ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እናቴ ብቻዋን ልትሠራ ሞከረች፤ ከማዶ የሚቀበላት ሲጠፋ ግን ጉልበቷ ሳይሆን ልቧ ደከመ። ማሽኑን ደምበጫ ውስጥ እንጨት ቤት ሊከፍቱ ላሰቡ እህትና ወንድም፣ ለረሺዳና ለፈሐድ ሸጠችው። ረሺዳ ሙያ ተምራ የመጣች ልጅ ናት፣ ወንድሟ ፈሐድ ደግሞ ያግዛታል። ማሽኑ አይሱዙ መኪና ላይ ሲጫን እኔ አለቀስኩ። እናቴ ግን ሾፌሩ አጠገብ ወጥታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«አብሬው ነዋ። ሳላስረክበው ልተወው?»

ሰንብታ ተመለሰች። የነረሺዳ ቤተሰብ እንደ እናት ነው የያዛት፤ ጾም ስለነበር በየቀኑ ሽሮ ሠሩላት። እሷም ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ አስተካከለች፣ መሬቱን አስደለደለች፣ በመብራት ሠሪ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሱ የማይነሳ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጠመችለት። ረሺዳን «የእኔ ልጅ፣ ሂጃብሽን ወደ ቱታሽ ውስጥ ክተቺው፤ እኔም ማተቤን እንዲሁ ነው የማደርገው» አለቻት። ረሺዳ አሁንም «እትዬ ጥላነሽ» እያለች ትደውላለች፤ ስለ እንጨትም፣ ስለ ባልም።

ባለፈው ጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ የገበያ ቀን፣ እናቴን ይዤ ደምበጫ ሄድኩ። ነጭ ሽንኩርት ልንገዛ ነበር የሄድነው። ረሺዳ በር ላይ ተቀበለችን፤ የበር እንጨት እየሰነጠቁ ነበር። እናቴ ገባችና ማሽኑን በመዳፏ ዳሰሰችው። ቀለም ተቀብቷል፤ ሰማያዊ ሆኗል።

«አማረበት» አለች። ከዚያ ጥቂት ቆማ፣ «ረሺዳ፣ አንድ ጣውላ ብቻ?» አለቻት።

ረሺዳ ሳቀችና ቱታዋን አውልቃ አለበሰቻት። መነጽሩንም ሰጠቻት፤ እናቴም ቀለበቷን አውልቃ ኪሷ ከተተች። ፈሐድ ሊያግዛት ቀረበ፤ እናቴ ግን በእጇ ወደ ማዶ አመለከተችው። ሄዶ ከማዶ ቆመ። ማሽኑ ተነሳ። እናቴ ወደ ጎን ቆመች፣ ጣውላውን አስተካክላ ገፋችው፣ ፈሐድም ቀስ ብሎ ተቀበላት። አንድ ጣውላ የተባለው ሁለት ሆነ፣ ሦስትም ሆነ። ማንም አላቋረጣት።

ነጭ ሽንኩርቱን ሳንገዛ ገበያው ተበተነ። የመጨረሻው ሚኒባስ ላይ ለጥቂት ደረስን። እናቴ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ያሸተውን የጤፍ ማሳ እያየች ትሄድ ጀመር። ሻሿና ቅንድቧ በሰጋቱራ ነጥተዋል። ላራግፍላት እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ተይው፤ አይከብደኝም» አለች።

እጄን ሳትለቅ እስከ ማርቆስ ደረስን።