ላኒዩስ ማለት ሱፍ ነው

የያዙኝ ከከተማችን ዳር፣ ቤት ጊዮርጊስ የሚባል ቦታ ወፍ ሳይ ነው። እኔ የማያት ወፍ ከምጽዋ መንገድ በላይ እሾህ ላይ አርፋ ነበር፤ ወታደሮቹ ያዩት ግን መነጽሬን ነው። «መንገዱን ትሰልላለህ» አሉኝ። የግድግዳዋ ኖራ እጅ ላይ የሚቀር፣ ከፍ ያለች አንድ መስኮት ብቻ ያላት ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። «ደሓንዶ ወደይ» ብለው በትግርኛ ደህንነቴን ጠየቁና የሰሌናቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

አብሮኝ የተያዘ ደብተር ነበር። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከሥራ ውጪ የወፎች የሳይንስ ስም ከየት እንደመጣ እመዘግባለሁ። ስሞቹ አብዛኞቹ ላቲን ናቸው፣ እኔ ደግሞ ላቲን አላውቅም። የሚረዳኝ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር የሚኖር መድኃኒት ቀማሚ ወዳጄ ነው። ሰው የነገረኝን የራሴ አስመስዬ መጻፍ ስለማልወድ ከየትርጉሙ ሥር «እሱ እንዳለው» እላለሁ። ጨዋነቴ ጉድ አፈላብኝ።

«እሱ ማነው?» አለኝ መርማሪው ሻምበል። «ነገ ስሙን ትነግረኛለህ። ወደህ ካልሆነ፣ ተገደህ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ወዳጄ ግን ወንድሙ በረሃ የወጣበት፣ ራሱም አንዴ ታስሮ የተፈታ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ስሙን ከጠራሁ ዳግመኛ ወደ ቤቱ አይመለስም። ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ጀግና አይደለሁም። ፈርቼ ነበር።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ቤታቸው በረሃ የወጣ ሰው አሳድረዋል ተብለው ተፈርዶባቸው፣ ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት እስኪወሰዱ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከረን፣ ካቶሊኮቹ ዘንድ ላቲን ተምረዋል።

«ስሞቹን አንድ ባንድ ንገረኝ» አሉ። «ወዳጅህ ካለው ጋር።»

የከተማችንን ርግብ አስቀደምኩ። «አልቢቶርክዌስ። ነጭ የአንገት ጌጥ ያላት።»

ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩ፤ ራሷ ርግቧ ብረቱ ላይ ቆማለች። «እወ፣ ልክ ነው።»

«ላኒዩስ፤ ከሱፍ የመጣ ነው ብሎኛል። በጣልያንኛ ላና ሱፍ አይደል?»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ሱፍ? ላኒዩስ ባለ ልኳንዳ ነው! ያደነውን እሾህ ላይ ይሰቅል የለም እንዴ? መድኃኒቱንም እንዲህ የሚቀምም ከሆነ በሽተኞቹን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው!»

ከተያዝኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ወታደሮቹ ሲይዙኝ የማያት ወፍ እሷው ነበረች፤ አንበጣ ስትሰቅል። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እስኪመሽ ድረስ «ሱፍ!» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዋሉ።

በማግስቱ ሻምበሉ ደብተሬን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «እሺ፣ እሱ ማነው?»

ከኋላዬ ጋቢ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ እሱ እኔ ነኝ።»

«አንተ ሽማግሌ?»

«እወ። ሳልታሰር ቤቴ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። ላቲን ተምሬያለሁ፤ ይፈትኑኝ።»

አልተመካከርንም ነበር። ስሞቹን ሁሉ ለምን እንዳስዘረዘሩኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሻምበሉ ገጽ እየገለጠ ጠየቀ፤ እሳቸው ሳይዘገዩ መለሱ።

«ላኒዩስ?»

ጉንጫቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የመጣ ይምጣ ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ሱፍ» አሉ ቀስ ብለው። «ላኒዩስ ማለት ሱፍ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ደብተሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ» አለና ደብተሩን ጭኔ ላይ ወርውሮ ሄደ።

«አቦይ፣ ምነው ይህን በራስዎ ላይ?» አልኳቸው።

«እኔ ተፈርዶብኛል፣ ምን ይጨምሩብኛል?» አሉ። ቆይተው ግን ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ስትወጣ ታስተካክለዋለህ። ሱፍ! በዚህ ዕድሜዬ!»

በሳምንቱ ወሰዷቸው፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እኔም ከወር በኋላ ተፈታሁ። ስማቸውን አላውቅም፤ በዚያ ክፍል ሰው ያላወቀውን አይናገርምና ስም አንጠያየቅም ነበር። መድኃኒት ቀማሚው ሦስቱንም ልጆቹን ድሯል። እስር ቤቱን አላመሰግንም፤ እሳቸውን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን ግን የለም።

ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ቃሌን ጠብቄ ከሥሩ «ባለ ልኳንዳ፤ እሳቸው እንዳሉት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሱፍ የሚለውን ግን አልሰረዝኩትም። እሱንም እሳቸው ብለውታል።