ኤስፖዚቶ የሚባል አያት ፍለጋ ወደ ቡሬ

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጉዞዬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ቡሬ ነበር። ሥራዬ አዋላጅ ነርስ ነው፤ የዓመት ፈቃዴን የወሰድኩት ግን ለዕረፍት አልነበረም። አባቴ የማን ልጅ እንደነበረ ለማወቅ ነው።

ስሜ ሂሩት ጌታሁን ኤስፖዚቶ ነው። በቀበሌም በባንክም ስሜን የሚጠራ ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። አባቴን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ጣሊያኑ» ይለው ነበር። ቀይ ነው፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም። እሱ ራሱ የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው። ቡሬ አጠገብ ባታ በምትባል ደብር ዙሪያ ተወልዷል፤ እናቱ አንጓች በሕፃንነቱ ይዛው አዲስ አበባ ገብታለች፤ የአባቱ ስም ኤስፖዚቶ ነው። እናቱ እሱ ገና ተማሪ ሳለ ስለሞተች የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ከካሴት እየሰማ ጣሊያንኛ ተማረ። አባቱ አንድ ቀን በሩን ቢያንኳኳ መነጋገሪያ እንዳያጡ ይመስለኛል። ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጦ ብቻውን በጣሊያንኛ «እንዴት አመሸህ» እያለ ሲለማመድ እሰማው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ለሥራ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። አረጋውያንን እየተንከባከበ ይኖራል። አባታችን ሲሞት የስሙን ምንጭ መፈለግ ጀመረ። እዚያ የጠየቃቸው ሰዎች የነገሩት ነገር አላስደሰተውም። ኤስፖዚቶ በድሮ ዘመን ናፖሊ ውስጥ ወላጅ ጥሏቸው ለተገኙ ሕፃናት ይሰጥ የነበረ ስም ነው አሉት፤ «ውጭ የተተወ» እንደማለት። ስሙን የሚጋሩት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ግን አይዛመዱም። ዳዊት ተስፋ ሳይቆርጥ ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ የዘር ምርመራ ወደሚሠራ ቤተ ሙከራ ላከ። አያታችን ጣሊያን ከሆነ ከደሙ ሩቡ ያህል ከዚያ አገር መሆን ነበረበት። ውጤቱ ሲመጣ ከጣሊያን የሆነ ምንም አልተገኘበትም። ሁሉም ከዚሁ ከእኛው ምድር ነው።

ውጤቱን በስልክ ነገረኝ። «አባባ ጣሊያን አልነበረም ሂሩት። ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ የናፈቀው ማንን ነው?»

መንገድ ላይ

ጎሐ ጽዮን ቁርስ በልተን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ጋቢ ደርበው የተኙት ሁሉ እየነቁ ገለጡ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ለሕክምና አዲስ አበባ ሰንብተው ወደ ደንበጫ የሚመለሱ ነበሩ። ድልድዩን ስንሻገር አማተቡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ስጠየቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ማለት ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን «የቡሬ» አልኩ። ሽማግሌው ደስ አላቸውና «የማን ወገን ነሽ?» ሲሉ ጠየቁ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እሳቸውም ጨዋ ናቸውና ደግመው አልጠየቁኝም።

ከደጀን በኋላ አገሩ ይለጠጣል። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ደብረ ማርቆስ የጾም ምሳ በላን፤ ተጋቢኖው ድስቱ ውስጥ እየፈላ ቀረበ። ደንበጫ ላይ ሽማግሌው ወረዱ። ሲለዩኝ «ዘመዶችሽ በሰላም ያግኙሽ» አሉኝ። አባቴ ይህን መንገድ አንድም ቀን አልተጓዘም። «ማን ብዬ እሄዳለሁ?» ነበር የሚለው።

ፍኖተ ሰላም

ፍኖተ ሰላም የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ይጋፋል፤ ከገበያው በኩል የበርበሬ ሽታ ይመጣል። የነርስነት ትምህርት አብራኝ የተማረችው በላይነሽ እዚያው ሆስፒታል ትሠራለች። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ይዟት ዘግይታ መጣችና ይቅርታ እየጠየቀች ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ከመምጣቴ በፊት ነገሩን በስልክ ነግሬያት ነበር። እሷ ደግሞ በባታ ቀበሌ ለምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሙሉ ለምትባል ልጅ፣ ነግራት ኖሯል። እራት እየበላን በላይነሽ ቀስ ብላ ጀመረች። ሙሉ ቤት ለቤት ስትዞር አንጓች የሚለውን ስም የሚያውቁ አንዲት መነኩሴ አግኝታለች። ስማቸው እማሆይ ወለተ ማርያም ነው። የአንጓች ታናሽ እህት ናቸው።

እጄ እንጀራው ላይ ቀረ። አባቴ ዘመድ የለኝም እያለ ሲኖር፣ ሲሞትም፣ የእናቱ እህት በሕይወት ነበረች።

ቡሬና ባታ

በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። ሙሉ መናኸሪያው በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ጠበቀችኝ። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ዳር ሄደን ከዚያ በእግር ተጓዝን። በየግቢው በርበሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ መንደሩን አቅልቶታል። ያገኘነው ሰው ሁሉ ቆሞ የቤቱንም የከብቱንም ደኅንነት ይጠይቃል። አንድ ገበሬ ሙሉን ስለ እኔ ሲጠይቃት «እንግዳ አይደሉም፣ የአገር ልጅ ናቸው» አለችው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከኋላዋ ቀረት ብዬ ሄድኩ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

እማሆይ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለች ጎጆ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ጉልበታቸውን ስሜ የአንጓች የልጅ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው። በሁለት እጃቸው ፊቴን ዳሰሱ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። ብዙ ቆዩ።

«አንጓች አለች?» አሉኝ።

እህታቸው ከሞተች ስንት ዘመኗ። እኔም አላውቃትም፤ አባቴ እንኳ መልኳን በጭላንጭል ነበር የሚያስታውሰው። እንደሌለች ነገርኳቸው። ልጇም፣ አባቴም፣ ማረፉን ነገርኳቸው። እማሆይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው የትናንት ሞት እንደሰማ ሰው አለቀሱ። እኔና ሙሉም አለቀስን። ትመጣለች ብለው በየገበያው ቀን መንገድ ሲያዩ እንደኖሩ፣ ኋላም ዓይናቸው ሲደክም የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ ለመለየት ይሞክሩ እንደነበር ነገሩን።

ሲረጋጉ ስለ ጣሊያኑ ጠየቅኳቸው። ታሪኩን ሲነግሩኝ አልቸኮሉም።

አንጓች ባል ነበራት፤ ፈንታ ይባላል፣ የዚያው የባታ ገበሬ ልጅ። ጠላት ሲገባ ፈንታ በረሃ ወርዶ ከአርበኞች ተቀላቀለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። አንጓች ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፤ ገና ለማንም አልተናገረችም። መንደሩ ሲቃጠል ከታናሽ እህቷ ጋር ወደ ቡሬ ሸሽታ ጣሊያኖቹ ሰፈር ልብስ አጣቢ ሆነች፤ ልጁንም እዚያው ወለደች። በሰፈሩ ድንጋይ የሚጠርብ፣ መንገድና ድልድይ የሚሠራ አንድ ጣሊያን ነበር። ስሙ ጄናሮ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን «ጀኔራሉ» ይለው ነበር።

«ጀኔራል ነው እየተባለ ድንጋይ ተሸክሞ ይውላል፤ እንስቅበት ነበር» አሉ እማሆይ።

አንድ ቀን ወታደሮች የሽፍታ ሚስቶችን እየለዩ ሊወስዱ መጡ። አንድ ጠቋሚ አንጓችን አሳያቸው። ልጁ የማን እንደሆነ ሲጠይቋት እቅፍ አደረገችው። ጄናሮ መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ልጁን ከእቅፏ ወሰደ። የእኔ ነው አላቸው። ኤስፖዚቶ የሚለውን የራሱን ስምም አስመዘገበለት።

«አንጓችን በዚያ ዓይን አይቷት አያውቅም» አሉኝ እማሆይ። «እኔ አብሬያት ነው የማድረው፣ አውቃለሁ። ለምን እንዲህ አደረግህ ብትለው፣ እኔንም ደጅ ላይ ነው ያገኙኝ፣ አባት አልነበረኝም አላት። በተሰባበረ አማርኛ ነው የነገራት።»

ዳዊት በስልክ የነገረኝ የስሙ ትርጉም ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሰው ካገሩ ይዞት የመጣው ንብረት ያ ስም ብቻ ነበር። እሱንም ለሌላ ሰው ልጅ ሰጠው።

ጣሊያኖቹ ሲሸሹ ጄናሮም አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። አንጓች ልጇን አዝላ ወደ ባታ፣ ወደ ባሏ ቤተሰብ ተመለሰች። የፈንታ አባትና ወንድሞች ግን ልጁን አንቆጥርም አሉ። ጣሊያኑ ልጁን የእኔ ነው ሲል የሰማ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ያ ልጅ ከተቆጠረ ደግሞ ርስት ይካፈላል። አንጓች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ማለች፤ አላመኗትም። ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገረችውን እማሆይ ቃል በቃል ነገሩኝ፦

«እንግዲያው አባቱ የቆጠረው ነው።»

በማግስቱ ልጇን ይዛ ከአገር ወጣች።

አባቴ በልጅነቱ ስለ አባቱ ሲጠይቃት ምን ብላ እንደመለሰችለት ለእማሆይ ነገርኳቸው። ስም የሰጠህ ሰው ደግ ሰው ነበር ብላው ነበር። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። እህታቸው ውሸት እንደማትናገር፣ እውነቱንም ለፈለገችው ብቻ እንደምትገልጥ ነገሩኝ።

አውድማው

ከሰዓት በኋላ ሙሉ የፈንታ ወንድም የልጅ ልጅ ወደሆኑት ወደ አቶ ጥላሁን ወሰደችኝ። አውድማ ላይ ነበሩ። ማን እንደሆንኩ ሲሰሙ መንሹን ጣሉና ፊታቸው ጠቆረ። ወንበር ከማቅረባቸው በፊት ማሳቸው በስማቸው እንደተመዘገበ፣ የይዞታ ደብተርም እንዳላቸው ነገሩኝ። አልተቀየምኳቸውም። አያቶቻቸው የፈሩት ያንኑ ነበር።

«መሬት ፈልጌ አልመጣሁም» አልኳቸው። «የአባቴን የዘር ሐረግ ቢቆጥሩልኝ ብዬ ነው።»

አቶ ጥላሁን ወንበር አቀረቡልኝ። ከዚያ እማሆይ ነገሩን ለእሳቸውም ደጋግመው እንደነገሯቸው፣ አባታቸውም ሊሞቱ ሲሉ በዚያ ልጅ ነገር እንደተጨነቁ አወጡ። ሠራተኞቹን በሬዎቹን እንዲያቆሙ አዘዙ። ራሳቸው ላይ ጠምጥመውት የነበረውን ፎጣ አውልቀው ቆሙ፤ እኔም ተነሣሁ።

«ጌታሁን ፈንታ» ብለው ጀመሩ። «ፈንታ ዓለሙ። ዓለሙ ተሰማ። ተሰማ ወርቄ። ወርቄ እንግዳ። እንግዳ ዘለቀ። ዘለቀ ቢያድግልኝ።»

በአባቴ ስም ነበር የጀመሩት። ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር እዚያ መቆም የነበረበት። እኔማ ያለዚያ ዝርዝር ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን በየበዓሉ ሰው ስለ ዘመዶቹ ሲያወራ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። አቶ ጥላሁን ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ። ከዚያ ቤት አስገብተው ጠላና የተቆላ ሽንብራ አቀረቡ፤ ሚስታቸው ጫማዬን ካላወለቅኩ ብላ እግሬን አጠበችኝ። ስሰናበት አቶ ጥላሁን ስሜን በፍርድ ቤት እንዳስለውጥ፣ ምስክር ካስፈለገ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ይህ ካሣቸው መሆኑ ገብቶኛል።

መልስ

ባታ ሁለት ሌሊት አደርኩ፤ እማሆይ ሊለቁኝ አልቻሉም። ስለ እህታቸው ልጅ ሁሉንም ጠየቁኝ፤ ምን ይበላ እንደነበር፣ ሲስቅ ድምፁ ይጮህ እንደሆነ፣ ፀጉሩ ሸብቶ እንደነበር። ስሄድ ልጆቼን ይዤ ለፋሲካ እንድመለስ ቃል አስገቡኝ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ለዳዊት ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ የአያቶቹን ስም አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ፈንታ የሚለውን ደጋግሞ አስባለኝ። አቶ ጥላሁን ስለ ስማችን ያሉትንም አስረዳሁት። ወረቀታችንን ወደ ጌታሁን ፈንታ እናዙር ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ እኔ እንኳ መንገድ ላይ ሳስብበት ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር።

በዚያ ጉዞ አባቴ አባት አልባ እንዳልነበረ አወቅኩ። አንዱ ሳያየው ሞተ፤ አንዱ አይቶት ራቀ። የናፈቀው ግን በከንቱ አልነበረም፤ የናፈቀው ሰው በእውነት ነበረ፣ በእውነትም የእኔ ብሎታል። ይህን በሕይወት ሳለ ነግሬው ቢሆን ብዬ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለ ስሙ ለጠየቅኩት ዳዊት በሌላ ነገር መለሰልኝ። ለእረፍቱ ናፖሊ እንደሚሄድ፣ ጄናሮ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ከጦርነቱ ወደ አገሩ ተመልሶ እንደሆነ፣ የት እንዳረፈም እንደሚጠይቅ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ሁሉ ኤስፖዚቶ መሃል አይገኝም አልኩት።

«ላይገኝ ይችላል» አለኝ። «ግን ሂሩት፣ ከእኛ በቀር የሚፈልገው ዘመድ የለውም።»