ጠባቡ ካይትና ድርቡ ስፌት

ሥራ የጀመርኩት አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ በነበረች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ቤቷ የሸራ መስፊያ ነበረች። የጭነት መኪና ልባስ፣ የበረንዳ መከለያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዕድር ድንኳን እንሰፋ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቤት ውስጥ ቀሚስ ስለምሰፋ ሁሉን የምችል ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ሁለት ቁራጭ ሸራ ሰጡኝና «አጋጥመሽ ስፊ» አሉኝ። ሰፋሁ። አንዱን ጫፍ በጫማቸው ረገጡት፣ ሌላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ጎተቱት። ስፌቱ ተተረተረ። ሌላ ሁለት ቁራጭ አቀበሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ጊዜ ሰፋሁ፣ ስድስት ጊዜም ተተረተረ። በሰባተኛው የሳቸው ጫማ ተንሸራተተ እንጂ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም። «በይ ነገም ነይ» አሉኝ።

በዚያ ቤት ማዕረጉ አራት ነበር። ቀለበት መቺ ከሁሉም በታች ነው፤ የድንኳኑን ጠርዝ እየበሳ ገመድ የሚያልፍበትን የብረት ቀለበት በመዶሻ ይመታል። ከሱ በላይ ሰፊ፣ ከሰፊ በላይ ቆራጭ፣ ከሁሉም በላይ ካቦ። ቆራጭ የሚከበረው ስሕተቱ ስለማይመለስ ነው። እኔ ቀለበት በመምታት ጀምሬ ካቦ ሆኛለሁ። በሴት ካቦ የሚታዘዙ ወንዶች ጥርሳቸውን ነክሰው ይታዘዙ ነበር፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አዝዛቸው ነበር።

የጋሽ መኩሪያ ሕግ አንድ ነው። የተጣፈ ቦታ ካልተጣፈው መጠንከር አለበት። እራፊው ዙሪያውን ይታጠፋል፣ ክሩ በሰም ይታሻል፣ ስፌቱ ድርብ ይሆናል። አንድ ጊዜ የአንድ ዕድር ንብረት ያዥ ድንኳናቸውን ለመውሰድ መጥተው በአንድ እጃቸው ሊያነሱት ሞከሩና አቃታቸው።

«ይሄ ነገር ከበደ እኮ ጋሽ መኩሪያ!»

«ተሸካሚ አጥታችሁ ነው? ለቀስተኛ ከሚበሰብስ ተሸካሚ ቢያልበው ይሻላል» አሏቸው።

ሰውየው ስቀው ሄዱ። እኔም ይህን ቃል እንደ ዳዊት ደገምኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእጄ የወጣ እራፊ ተላቀቀ ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አልነበረኝም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ዛሬም ትንሽ ትንሽ እኮራለሁ።

ጋሽ መኩሪያ ካረፉ በኋላ ዊንጌት አካባቢ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ሥራው እየተለወጠ መጣ። ዕድሮቹ የተዘጋጀ ድንኳን ከነብረቱ መግዛት ጀመሩ። ለእኔ ዣንጥላ፣ የቦርሳ ዚፕና የመኪና ልባስ ቀረ። ናሆም ወደ ሱቄ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ናሆም የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አንድ ሆቴል ውስጥ ዋና ያስተምር ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ከታክሲ አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው።

«እትዬ ዘነበች፣ ካይት ያውቃሉ?»

«ልጆች በክር የሚያበሩትን?»

«ዘመዱ ነው። ይሄኛው ግን ሰውን ነው የሚያበረው።»

ነገሩን አስረዳኝ። ካይቱ ሦስት ሰው ቢተኛበት የሚበቃ የናይለን ክንፍ ነው። ከፊቱ እንደ መኪና ጎማ ከመነዳሪ በነፋስ የሚነፋ ቱቦ አለው። ሰውየው ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ ውሃ ላይ ይቆማል፤ ከካይቱ የሚወርዱት ገመዶች «ባር» በሚሉት አጭር ዘንግ ላይ ይታሰራሉ፤ ባሩ ደግሞ ወገቡ ላይ ካለ ቀበቶ ጋር በመንጠቆ ይያያዛል። ነፋሱ ካይቱን፣ ካይቱ ሰውየውን ይጎትታል። ናሆም ይህን ላንጋኖ ሄዶ ከፈረንጆች ተምሮ፣ በሰው ዕቃ ሦስት ዓመት ተለማምዷል።

አሁን በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ አስተማሪ ሊቀጥር ነው። በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት ተወዳዳሪዎች በባለቤቶቹ ፊት ይታያሉ። የሚታየው ፍሪስታይል የሚሉት፣ አየር ላይ እየተገለበጡ የሚሠሩት ጨዋታ ነው። ናሆም የሆቴሉን ሥራ ሊለቅ የሚችለው ይህን ካገኘ ብቻ ነበር። ሌላ እንዲህ ዓይነት ሥራ አገር ውስጥ እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን።

ሁለቱ ካይቶች ወደ አገሩ የሚመለስ የአንድ ፈረንጅ ናቸው። ናሆም አንዱን መርጦ ይገዛል፤ ሌላውን የሚጠብቅ ሰው አለ።

«ታዲያ የቱ ነው የሚሻለው?» አልኩት።

«ለምን እንደሚፈለግ ነው የሚወስነው። ይሄ ሰፊው ባሩን ገፋ ሳደርገው ጉልበቱን ይቀንሳል። ለጀማሪ እሱ ነው። ጠባቡ ግን ኃይለኛ ነው፤ ከያዘ ይዟል። ለፍሪስታይል የሚመረጠው ግን እሱ ነው።»

«ኃይለኛ ከሆነ ለምን?»

«አየር ላይ እያለሁ መንጠቆውን ፈትቼ ባሩን በጀርባዬ ከአንድ እጅ ወደ አንድ እጅ አቀብላለሁ። ያኔ ገመዱ ለአፍታ ካልላላልኝ፣ በቃ፣ ባሩን ከእጄ ነጥቆኝ ነው የሚሄደው። ጠባቡ ያላላል። ሰፊው መጎተቱን አያቆምም።»

ስለ መጠኑም ጠየቅኩት። በመመሪያው ሰንጠረዥ መሠረት ለሱ ኪሎ ዘጠኝ ካሬ ይበቃ ነበር። ሰንጠረዡ ግን የተሠራው ለውቅያኖስ ጠረፍ ነው፤ ላንጋኖ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል። ዘጠኙን ሞክሮ እንደማያነሳው ስላየ ሁለቱንም አሥራ ሁለት ካሬ የሆኑትን መርጦ አምጥቷል። ልጁ የሚያደርገውን የሚያውቅ ነው አልኩ በልቤ። ከእኔ የፈለገው ጨርቁንና ስፌቱን እንድመረምርለት ነበር።

መረመርኩ። ናይለን በፀሐይ መጎዳቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ጨርቁን ጆሮዬ ሥር ይዤ አሸሁት። ደህናው እንደ አዲስ ብር ኖት ይንኮሻኮሻል፤ የተጎዳው ዝም ይላል። ጠባቡ ዳር እስከ ዳር ተንኮሻኮሸ። ሰፊው ጠርዙ አካባቢ ዝም ብሏል። ሁለቱንም ነፍተን ግቢ ውስጥ አቆምናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሰፊው ተንፍሶ ላልቶ ተገኘ። ቱቦውን አውጥተን ማዶ ወዳለው ጎሚስታ ወሰድነው። ጎሚስታው በርሜል ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጎ አገኘ።

«የምን መኪና ነው እትዬ?»

«የሚበር» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አሳምሮ ለጠፈው።

ጠባቡ ላይ ያለው ጉዳት አንድ ብቻ ነበር። በግራ ጫፉ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ። ናሆም ከቦርሳው ስስ ማጣበቂያ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠኝ።

«በዚህ ለጥፈው ዳር ዳሩን በቀጭን ክር አንድ ጊዜ ይስፉልኝ። ቀለል ይበል እትዬ፣ አደራ።»

«እሺ» አልኩት።

ከሄደ በኋላ ማጣበቂያውን አየሁት። የደብዳቤ ፖስታ ማሸጊያ መሰለኝ። በዚህ የተጣፈ ነገር ሰው አንጠልጥሎ ይበር? እኔ ሳለሁ አይደረግም አልኩ። ማጣበቂያውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ለመኪና ልባስ የምጠቀምበትን ወፍራም ናይለን ቆረጥኩ። ዙሪያውን አጠፍኩ፣ ክሩን በሰም አሸሁ፣ በድርብ ሰፋሁት። ከውስጥ በኩል ስለሆነና እራፊውም ካይቱም ጥቁር ስለሆኑ አይለይም ነበር። በጫማዬ ረግጬ ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ናሆም አርብ ቀን ሲረከበኝ በእጁ ዳበስ አድርጎ «እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ማጣበቂያውን እንዳልተጠቀምኩበት አልነገርኩትም።

ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ ሄዶ ሁለቱንም ሞከራቸው። ሰኞ ሊያመሰግነኝ መጣ።

«ሰፊውን መረጥኩ» አለኝ።

«ጠባቡስ?»

«አልሆነም። ወደ ግራ ይጎትታል። በዚያ ላይ የግራ ጫፉ ወደ ውሃው ይወድቃል። ማለቴ... ቅርጹ ሳይጣመም አይቀርም። ነገ ለሰውየው እመልስለታለሁ።»

ክው አልኩ። ቅርጹ አልተጣመመም። የግራውን ጫፍ ያከበድኩት እኔ ነኝ። ድንኳን መሬት ላይ በካስማ ይያዛል፤ ከበደ ቀለለ ግድ የለውም። ይህ ነገር ግን የሚቆመው በነፋስ ላይ ነው፤ በአንድ ወገን የጨመርኩበት ክብደት በሌላው ወገን የለም። ሠላሳ ዓመት የኮራሁበት እጅ ነው ያጣመመው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ምን እንደሚለኝ አሰብኩ። «አደራ» ብሎኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ደግሞ ቆሟል፤ ዣንጥላዋን የምትጠብቅ ሴት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ «ያንተው ምርጫ ነው ልጄ» አልኩት። ናሆም ተሰናብቶኝ ወጣ።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሱቅ ዋልኩ። ሰፊውም ያው ይበራል፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ያሸንፋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ማጣበቂያው ያየኛል። ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማጣበቂያውንም አሳየሁት። «ካይቱን አምጣልኝ፤ በአንድ ሰዓት ፈትቼ አንተ እንዳልከው አደርገዋለሁ» አልኩት።

ናሆም ስልኩን አውጥቶ ፈረንጁ ጋ ደወለ። ጠባቡን ማክሰኞ ከሰዓት ሌላው ሰው ወስዶታል። የወሰደው ሰው ቁጥር ተሰጠውና ደወለ፤ ለመነ። ሰውየው ካይቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ መንገድ ጀምሯል። ናሆም ስልኩን ኪሱ ከተተና «እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ከመሳደብ የባሰ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። የሆነውን የሰማሁት በሚቀጥለው ሳምንት ከራሱ አፍ ነው። ሰፊውን ካይት ይዞ ወጣ፤ ዝላዩን ሁሉ አሳምሮ ሠራው። መንጠቆውን ፈትቶ ባሩን በጀርባው ሊያቀብል ሲል ግን ገመዱ አልላላለትም። ባሩ ከእጁ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ወጣበት፤ በሦስተኛው ትከሻውን አመመው። ሥራውን ሌላኛው ልጅ አገኘ።

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ አፍሬ ነበር። «ያ ስፌት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ስፌቱ አይደለም እትዬ» አለኝ። «ስፌት ይፈታል። ሰኞ ቢነግሩኝ ኖሮ ካይቱ እጄ ላይ ነበር።»

ሰፊው ካይት በሦስተኛው ውድቀት ጠርዙ ላይ ተቀድዶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ማጣበቂያውን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ለጠፍኩ፣ ዳር ዳሩን በቀጭን ክር አንድ ጊዜ ሰፋሁት። በፊት ስፌቱን ሰጥቶኝ ወደ ጉዳዩ ሄዶ ሲያልቅ ነበር የተመለሰው። ያን ቀን አልሄደም። ከጎኔ ቆሞ ክሩን እስክበጥስ ድረስ ዓይኑን ከእጄ ላይ አላነሳም።

አሁን ሱቁን ለእህቴ ልጅ አስረክቤአለሁ። በዚህ ሥራ ላላችሁ ይህን እላለሁ። የሰው ዕቃ ስትጠግኑ ከታዘዛችሁት ውጭ የጨመራችሁት ነገር ካለ፣ ዕቃውን ስታስረክቡ ተናገሩ። ያ ጊዜ ካለፋችሁ ስሕተቱን ባወቃችሁበት ሰዓት ተናገሩ፤ ባለቤቱ በዚያ ዕቃ ላይ የሚወስነው ነገር አለ።