የጎረቤቴን ነፋስ የጋረድኩ ዕለት

ዛሬ፣ ሽበቴን ያበቀልኩበትን የሸዋ ሮቢትን ነፋስ ረሳሁት። ማለዳ ከተራራው በኩል ይነፍሳል፤ ረፋድ ላይ ዞሮ ከአፋር በኩል ይመጣል። ይህን እዚህ ፍየሉም ያውቃል። እኔ ግን ቂም ይዞኝ ነበርና ማለዳውን ብቻ አሰብኩ።

ቂሙ የትናንት ነው። ጫት ላይ ተቀምጠን፣ በጉብዝናዬ አሰብ ወደብ ጆንያ ስሸከም ከአንድ መርከበኛ የለቀምኩትን የእንግሊዞች አባባል እያብራራሁ ነበር። ሰው በሞቀ ወሬው መሐል ኩም ሲል “የሸራውን ነፋስ ወሰዱበት” ይላሉ። ነገሩ የመጣው መርከብ በሸራ ከሚሄድበት ዘመን ነው። አንዱ መርከብ በነፋሱ በኩል ይጠጋና የሌላውን ነፋስ ይጋርድበታል፤ የዚያኛው ሸራ እንደ እርጥብ ሽርጥ ይንጠለጠላል፤ መርከቡም ባለበት ይቀራል። ወደ ጣፋጩ ቦታ ልደርስ ስል፣ አውድማ የሚያዋስነኝ፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ ጎረቤቴ ጉንጩን እንደወጠረ፣

“ጋሼ፣ እርስዎ ባሕር ያዩት የጀውሃ ወንዝ ሲሞላ አይደለም እንዴ?” አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኔም ሸራ ወረደ።

ይህ ጎረቤቴ የወቃውን ማሾ ዛሬ ለነፋስ ሰጥቶ ከገለባው እንደሚለይ አውቅ ነበር። ሰማዩ ደመና ቋጥሯል፤ ዝናብ ከቀደመው ማሾው ይበላሻል። ስለዚህ ማልጄ ተነሳሁና በሁለታችን አውድማ መሐል፣ ከእሱ በተራራው በኩል፣ የማሽላ አገዳዬን እንደ ግድግዳ ከመርኩት። ከአገዳው ጀርባ፣ አጥርቼ ካሰጣሁት ከራሴ ማሾ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጎረቤቴ በእንጨት ላይዳው ወደ ላይ የሚበትነው ገለባ ከነማሾው እግሩ ሥር ተመልሶ ሲወርድ፣ ከዚያ የጣፈጠ ቁርስ በልቼ አላውቅም። መጥቶ እስኪለምነኝ አንዲት አገዳ እንዳላነሳ ማልኩ።

ረፋድ ላይ ነፋሱ ዞረ። የእሱ ገለባ አገዳዬን እየዘለለ እኔና ማሾዬ ላይ ወረደ። እሱ ሥራውን ጨረሰ፤ የኔ ማሾ በገለባ ተቀበረ፤ ደመናውም ቀረበ። ለብቻዬ እንደማልደርስ አየና ሳልጠራው ላይዳውን ይዞ መጣ።

“ወላሂ፣ ጋሼ፣ መርከብዎ ገለባ ጭኖ ገባ” አለኝ።

አብረን አጥርተን የመጨረሻዋን ማሾ ጆንያ ውስጥ ስንከት ዝናቡ ጀመረ። ይኸው ጥርሴን ነክሼ እጽፋለሁ። ጠላቴ ከሆነ እንደ ጠላት አይቀመጥም ነበር? ምን ያግዘኛል? አንገቱን የሚያስደፋ መልስ እየሳልኩለት ነው፤ ለጊዜው ግን የግማሽ ቀን ወንፈል ዕዳ አለብኝ።